«ዓለም ከንቱ ናት» ማለት ለማን ይቀላል?

ሥራ ሲጠፋ «ተወው፣ ይቺ ዓለም ከንቱ ናት» ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ሀሳቡ የቆየ ነው።

ግሪኮቹ ጋ እንሂድ። ፕላቶ እንደጻፈው፣ ሶቅራጥስ በ399 ቅ.ል.ክ መርዝ ሊጠጣ ሲል ፍልስፍናን ለሞት መለማመድ አድርጎ አስረዳ። ዲዮጋንስ ደግሞ ንብረት ንቆ ትልቅ እንስራ ውስጥ ኖረ ይባላል።

ቻይናዊው ኮንፊሽየስ (551–479 ቅ.ል.ክ) ግን ስለ ሞት ሲጠየቅ ነገሩን ወደ ኑሮ መለሰው። ለሱ ሰው የሚሟላው በቤተሰቡና በማኅበረሰቡ ውስጥ ነው። ድህነትንና ሀብትንም ከአገር አስተዳደር ጋር ያያይዘዋል።

ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አርስቶትል ሰውን የማኅበር ፍጡር ይለዋል፤ ቻይናዊው ጁዋንግዚ ደግሞ ሹመት አልፈልግም ያለ ሰው ነው።

እኛ ጋስ? በግሪክ ፈላስፎች ስም የሚነገረው ምክር በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በመለሱት «መጽሐፈ ፈላስፋ» ደርሶናል። የቀድሞው የይፋት ሱልጣኔት ደግሞ ንግድንም ሃይማኖትንም አብሮ ይዞ ኖሯል፤ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ያለው የኖራ መስጊድ ፍርስራሽ ምስክር ነው።

ልዩነቷን ያዙ፦ ዲዮጋንስ ድህነትን መርጦት ነው። በይፋት ቆላ ማሾ ዘርቶ ዝናብ የከዳው ወጣት ግን አልመረጠውም። ለሱ «ዓለምን ናቃት» ማለት ፍልስፍና ሳይሆን ዝም ማሰኛ ነው።

እናንተስ ወደ የትኛው ታደላላችሁ?