ስለ ድሬ ዳዋ አይሮፕላን ማረፊያ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

ድሬ ዳዋን በ1895 ዓ.ም. የቈረቈራት ምድር ባቡር መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ለሚያስቸኵል ዕቃ የአባ ጠና ደጃዝማች ይልማ አይሮፕላን ማረፊያ አለላት። ካሚዮን ቀኑን ሙሉ የሚደክምበትን የአዲስ አበባ መንገድ አይሮፕላን በአንድ ሰዓት ያህል ይፈጽመዋል። የሐረርም ነጋዴ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ወርዶ በዚሁ ይገለገላል።

ሆኖም የአይሮፕላን ጭነት ዋጋ በክብደት ብቻ አይታሰብም። በተለመደው ደንብ 6 ሺህ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር እንደ 1 ኪሎ ይቈጠራል። ስለዚህ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 8 ኪሎ ቢመዝንም የ20 ኪሎ ያስከፍላል።

እንግዲህ መድኃኒትና መለዋወጫ በጠባብ ሣጥን ታሽጎ በአየር፣ ሲሚንቶና ብረት በምድር ቢላክ ትርፉ ለባለቤቱ ይተርፋል።