አንድ ሞጁል በብዙ ሳጥን

ሁለት የሆም ቴአትር አምፕሊፋየሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። የአንዱ ፊት ወፍራም አሉሚኒየም ነው፣ የሌላው ተራ ጥቁር ቆርቆሮ። አንዱ ከሌላው እጥፍ ይወደዳል። ክዳናቸው ሲከፈት ግን ድምፁን የሚያጎላው ቦርድ በሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ ያው ፋብሪካ የሠራው፣ ያው የሞዴል ቁጥር የታተመበት። ይህን ያየ ሰው የተታለለ ሊመስለው ይችላል፤ ማታለል ግን አይደለም። አምራቾች ይህን አሠራር የያዙት ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ነው። እንዲያውም ለገዢው ይበጀዋል ባይ ነኝ፤ ሞጁሉ አንድ መሆኑን ያወቀ ሰው ቀሪውን የዋጋ ልዩነት ለምን እንደሚከፍል መጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ የገፋፋኝ የአዲስ አበባው ብስራተ ገብርኤል ሰፈር ነው። በቪላዎቹ መካከል ፎቅ እየበዛ ነው፤ አዳዲሶቹ ሳሎኖች ሰፋ ያሉ፣ ወለላቸው ሴራሚክ፣ ግድግዳቸው ብሎኬት፣ ቴሌቪዥናቸው ትልቅ ነው። ለስክሪኑ ብዙ ያወጣ ሰው ለድምፁም ማውጣት ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። መልሱ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ሊጠየቁ ከሚገባቸው ጥያቄዎች ሁሉ ግን በጣም ጥቂት የሚያስረዳው ይኸው ነው።

ብዙ ቻናል ያለው አምፕሊፋየር በአንድ ሳጥን ውስጥ የተሰበሰቡ በርካታ አምፕሊፋየሮች ማለት ነው። 5.1 በሚባለው አደረጃጀት ከፊት ግራ፣ ቀኝና መሐል፣ ከአድማጩ ጎንና ጎን ደግሞ ሁለት ስፒከሮች ይቀመጣሉ። «ነጥብ አንድ» የተባለው ሳብዉፈሩ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አምፕሊፋየሩን በሆዱ ይዞ ይመጣል። 7.1 ከኋላ ሁለት ይጨምራል። ሠሪው ሰባት አምፕሊፋየር ከባዶ ከሚነድፍ፣ ተሠርቶና ተፈትኖ ያለቀ አንድ ቦርድ እየደጋገመ ቢደረድር ይቀለዋል፤ ብልሽቱም ያንሳል። ሞጁል የምንለው ይህንን ቦርድ ነው።

የእኛ ጠጋኞች ሞጁልን በደንብ የሚያውቁት ኤስቲኬ በሚለው ስሙ ነው። የጃፓኑ ሳንዮ ያመርታቸው የነበሩ፣ ፊታቸው ጥቁር፣ ጀርባቸው አሉሚኒየም፣ እግራቸው በአንድ መስመር የተደረደረ ጠፍጣፋ ክፍሎች ናቸው። በየቤቱ በነበሩት የጃፓን ቴፖችና አምፕሊፋየሮች ውስጥ፣ ከውጭ የተጻፈው ስም ምንም ይሁን ምን፣ ኤስቲኬ ተቀምጦ ይገኝ ነበር። አሠራሩ ውብ ነው። ኤስቲኬ 4121 በየቻናሉ 15 ዋት ይሰጣል፤ 4131 ደግሞ 20፤ እንዲህ በ5 በ5 ዋት እየጨመረ 4191 ላይ 50 ይደርሳል። እግራቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ በተመሳሳይ ቦርድ ላይ ይሰካሉ። አንድ አምራች ታዲያ አንድ ንድፍ ሠርቶ፣ ሞጁሉንና ትራንስፎርመሩን ብቻ እየቀያየረ ርካሽ፣ መካከለኛና ውድ ሞዴል ማውጣት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የሳንዮን የሴሚኮንዳክተር ክፍል የአሜሪካው ኦን ሴሚኮንዳክተር ገዛው። የድሮዎቹ ኤስቲኬዎች ምርት እየቆመ ሲሄድ ገበያውን አስመስለው የተሠሩ ሞሉት፤ ከላይ የታተመው ቁጥር ልክ ነው፣ ውስጡ ያለው ግን አቅሙ ያነሰ ነው። የአባቱን አምፕሊፋየር አስጠግኖ በሁለተኛው ሳምንት መልሶ የተቃጠለበት ሰው ብዙ ጊዜ ጠጋኙን ይወቅሳል። ጥፋቱ የክፍሉ ሊሆን ይችላል።

አሁን የመጣው ትውልድ ከኤስቲኬ የሚለየው በሙቀቱ ነው። የድሮው ዓይነት፣ ኤቢ ክላስ የሚባለው፣ ትራንዚስተሩን በከፊል ከፍቶ ይይዘዋል፤ ወደ ስፒከሩ ያልሄደው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በቀመር እንኳ ቢሰላ ሙሉ ድምፅ ላይ ሲደርስ ከ78.5 በመቶ በላይ አይጠቀምም፤ ቤት ውስጥ በምናዳምጥበት ዝግ ያለ ድምፅ ደግሞ እጅግ ያነሰ ነው። ሁለት ቻናል ሲሆን ይህ ብዙም አይከብድም። ሰባት ሲሆን ሳጥኑ ሙቀት በሚያስወጣ ብረት (ሂትሲንክ) ይሞላል፣ ይከብዳል፣ ቴሌቪዥን ማስቀመጫው ውስጥ ከገባ ደግሞ አየር ያጣል። ዲ ክላስ የተባለው ግን ትራንዚስተሩን ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፍታል ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ ይህንንም በሰከንድ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋግመዋል። ድምፁ የሚጻፈው ክፍት ሆኖ በቆየበት ቅጽበት ርዝመት ነው። ከዚያ ኮይልና ካፓሲተር ያለሰልሱትና ሙዚቃ ሆኖ ይወጣል። ከሚስበው ኃይል 90 በመቶ ያህሉ ስፒከሩ ጋ ይደርሳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ክላይቭ ሲንክሌር እ.ኤ.አ. በ1964 ኤክስ 10 ብሎ ለገጣጣሚዎች ሸጦት ነበር። የዚያ ዘመን ትራንዚስተር ግን እንዲያ ለመፍጠን አቅም አልነበረውም።

ዲ ክላስን ለቤት ሙዚቃ ያበቃው ከአውሮፓ የመጣ ሥራ ነው። ዴንማርክ ውስጥ ካርስተን ኒልሰን በዶክትሬት ጥናቱ ከደረሰበት ተነስቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ከባንግ ኤንድ ኦሉፍሰን ጋር በመሆን አይስፓወር የተባለ ኩባንያ መሠረተ። ቤልጅየማዊው ብሩኖ ፑትዘይስ ደግሞ በፊሊፕስ ሳለ ዩሲዲ የተባለውን አሠራር ፈለሰፈ፤ ኋላ ወደ ኔዘርላንዱ ሃይፔክስ ተሻግሮ ኤንኮር የተባለውን ሞጁል አወጣ፤ ከዚያም ከላርስ ሪስቦና ከፒተር ሊንግዶርፍ ጋር ፑሪፊን መሥርተው እ.ኤ.አ. በ2019 አይገንታክት የተባለውን ሞጁል አቀረቡ። እነዚህ ኩባንያዎች በዋናነት የሚሸጡት ሞጁሉን ነው፤ ሳጥኑን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። ሮተል በየቻናሉ 250 ዋት የሚሰጠውን ባለ አምስት ቻናል አርኤምቢ 1575 የሠራው በአይስፓወር ሞጁል ነው። ኤንኤዲ ኤም 27 በተባለው ባለ ሰባት ቻናል ሞዴሉ ኤንኮርን ተጠቅሞ በየቻናሉ 180 ዋት ሰጠ፤ ተተኪው ኤም 28 ወደ ፑሪፊ ዞሮ 200 ዋት ይሰጣል። ሃያ ዋት ለጆሮ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት የለውም። የኤም 28 ብልጫ ያለው የድምፅ መዛባቱን ወደ ኢምንት በማውረዱ ላይ ነው።

ፑትዘይስ የፈታው ችግር ምን እንደነበር ማወቅ ለገዢ ይጠቅመዋል። ከትራንዚስተሩ ቀጥሎ ያለው ኮይል ከስፒከሩ ጋር ተዳምሮ ነው የሚሠራው። አምፕሊፋየሩ ራሱን የሚያርምበትን ናሙና ከኮይሉ በፊት ከወሰደ፣ ከኮይሉ በኋላ የሚደርሰውን አያይም። ቀጭኑ ድምፅ፣ የክራር ጥቅሻው፣ የጸናጽሉ ጫፍ፣ ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ ይደበዝዛል፣ ባለ 8 ኦም ላይ ይጮኻል። ዩሲዲና ከእሱ የተወለዱት ናሙናውን የሚወስዱት ከኮይሉ በኋላ፣ ስፒከሩ ከሚያገኘው ላይ ነው። ስለዚህ የትኛውም ስፒከር ቢገናኝ ጠባያቸው አይለዋወጥም። በርካሹ ገበያ ላይ የተስፋፉት የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፖች፣ እንደ ቲፒኤ 3116 ያሉት፣ በተለመደው አሠራራቸው ናሙናውን ከኮይሉ በፊት ይወስዳሉ። መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ቲፒኤ 3116 በየቻናሉ እስከ 50 ዋት የሚሰጥ፣ ለዋጋው የሚገርም ቺፕ ነው። ታላቁ ቲፒኤ 3255 ላይ ደግሞ አንዳንድ አምራቾች ናሙናውን ከኮይሉ በኋላ የሚወስድ መስመር ጨምረውበታል፤ ያልጨመሩም አሉ። እንግዲህ አንድ ቺፕ በሁለት ሳጥን ውስጥ ሁለት ድምፅ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። ከአንድ ወፍጮ ቤት የወጣ ጤፍ በሁለት ምጣድ ላይ አንድ ዓይነት እንጀራ እንደማይሆን ሁሉ።

ብዙ ቻናል ላይ የሞጁሉ መመሳሰል ከወጪም በላይ ጥቅም አለው። ፊልሙ ውስጥ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ፣ ዝናቡ ከፊት ወደ ኋላ ሲዞር፣ ድምፁ ከስፒከር ወደ ስፒከር እየተቀባበለ ነው የሚሄደው። ሁሉም ቻናል እኩል ካጎላ ቅብብሉ አይታወቅም። ሦስቱን የፊት ቻናሎች በአንድ አምፕሊፋየር፣ የጎኖቹን ከቤት በተገኘ ሌላ አምፕሊፋየር የሚያስነሳ ሰው የማጉላት መጠናቸው ስለሚለያይ አንዱን ዝቅ ሌላውን ከፍ አድርጎ በልኬት ማስተካከል አለበት። ሊሆን ይችላል፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

አሁን ከሳጥን ሳጥን ወደሚለያየው ክፍል እንምጣ፤ የኃይል አቅርቦቱ ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ከሞጁሉ ስም ይልቅ ይህ ይበልጣል እላለሁ። የሃይፔክስ ኤንሲ 252 ኤምፒ የተባለው ሞጁል ሁለት ቻናል፣ እያንዳንዱ በ4 ኦም 250 ዋት፣ ከነኃይል አቅርቦቱ በአንድ ቦርድ ላይ ነው። ባለ ስድስት ቻናል ሳጥን ሦስቱን ይይዛል፣ ባለ ስምንት አራቱን። ሌሎች አምራቾች ግን አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር አስገብተው ሁሉንም ቻናል ከእሱ ያጠጣሉ። የጋራው ትራንስፎርመር አንድ መልካም ነገር አለው፤ የመሐሉ ስፒከር ድንገት ብዙ ሲፈልግ የሌሎቹን ድርሻ ያበድረዋል። የተለያየው ማበደር አይችልም፤ አንዱ ቦርድ ሲቃጠል ግን ሌሎቹ ይሠራሉ። መብራት በሚመላለስበት ከተማ እኔ የምመርጠው የተለያየውን ነው።

የቮልቴጁም ነገር አለ። ኔትወርካችን 220 ቮልት ነው ይባል እንጂ ምሽት ላይ ሁሉም ሰው ምድጃ ሲለኩስ ይወርዳል። ተራ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ላይ ግቤቱ ወደ 180 ቮልት ቢወርድ የውስጡም ቮልቴጅ በዚያው ልክ ይወርዳል። ኃይል ደግሞ በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚሄድ ባለ 100 ዋቱ ወደ 67 ዋት ገደማ ይቀንሳል። ጆሮ የሚሰማው ቅናሽ ትንሽ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ስላለ ግን ድምፁ ከፍ ሲደረግ ቶሎ ይቆራረጣል፣ ስፒከርም የሚጎዳው ያኔ ነው። ቮልቴጁን ራሱ የሚያርም የኃይል አቅርቦት ያለው ይህን አያውቅም። እንዲህ ዓይነቱ በበኩሉ የሚፈራው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣውን ምት ነው። መብራት ሲጠፋ ከዲቫይደሩ መንቀልና ከተረጋጋ በኋላ መሰካት ከየትኛውም ውድ ኬብል የተሻለ ጥበቃ ነው። የመሬት ሽቦ በትክክል ያልተዘረጋበት ቤት ደግሞ ከሳተላይት ሪሲቨሩ ጋር ሲገናኝ «እም» የሚል ድምፅ ሊያመጣ ይችላል፤ ሞጁል መቀየር ይህን አይፈታውም።

ዋቱስ? ካርቶን ላይ በሺዎች የሚጻፈው ፒኤምፒኦ የተባለው ቁጥር ምንም ዓይነት መመዘኛ የለውም፤ ቢታለፍ ይሻላል። በርካሽ 5.1 ስብስቦች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቲዲኤ 2030 አንዱ ቺፕ የሚሰጠው 14 ዋት አካባቢ ነው። ትክክለኛው ቁጥርም ቢሆን ሁለት ቻናል ብቻ ሲሠራ የተለካ ነው ወይስ ሁሉም አብረው ሲሠሩ? በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል። አንድ ሳሎን የሚፈልገውን እናስላ። የተለመደ ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል። 3 ሜትር ርቆ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህ 78 አካባቢ ይሆናል፤ ሰው እየተነጋገረ ካለበት ድምፅ ይበልጣል። በ10 ዋት 88፣ በ100 ዋት 98 ይደርሳል፤ ይህም ግድግዳ ለሚጋራ ጎረቤት ከበቂ በላይ ነው። ከ100 ወደ 200 ዋት መዝለል የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በዚያ ገንዘብ ሴራሚኩ ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ቢደረግ በፊልሙ ውስጥ የሚነገረው ቃል ይበልጥ ይጠራል።

የሚቀረው ጥገናው ነው። ኤስቲኬን ጎበዝ ጠጋኝ በብየዳ ነቅሎ በሌላ ይተካዋል። የአሁኖቹ ሞጁሎች ክፍሎቻቸው ሩዝ ያህል እንኳ የማይሞሉ፣ ንድፋቸውም በአምራቹ የተያዘ ስለሆነ የሚቀየረው ሙሉው ቦርድ ነው፤ እሱም የሚመጣው ከውጭ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ስላለፈ፣ አንድ ሞጁል ማስመጣት ቀላል ወጪ አይደለም። ቢሆንም ለማንም የሚሸጥ፣ ቁጥሩ የታወቀ ሞጁል ያለበት ሳጥን ከአምስት ዓመት በኋላም መለዋወጫ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሳጥኑን የሠራው ድርጅት ቢዘጋ እንኳ። ለራሱ ብቻ የነደፈ አምራች ከገበያ ሲወጣ ቦርዱም አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሞጁሉን ስምና ቁጥር፣ ስንት ቻናል ከአንድ የኃይል አቅርቦት እንደሚጠጣ፣ ቦርዱ ሳይበየድ በቡሎንና በሶኬት የሚነቀል መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተቀየረም በኋላ አዲሱ ሞጁል ከቀሩት ጋር እኩል እንደሚያጎላ በሙከራ ድምፅ ቻናል በቻናል መለካት አለበት፤ ተመሳሳይ ቁጥር ይዘው የተለያየ የማጉላት መጠን ተስተካክሎላቸው የሚመጡ አሉና።