አንዲት ክኒን በቀን፦ ቀለለ ማለት ይዘለላል ማለት አይደለም



በሐብሩ ወረዳ ግራና የሚኖር፣ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለ አንድ ገበሬ ወንድማችሁን አስቡ። ማሽላው አረም ውጦታል፤ ሽንኩርቱ ውኃ ይጠብቃል። መድኃኒቱን ለማምጣት ግን ሥራውን ትቶ፣ የመኪና ከፍሎ መርሳ ወይም ወልዲያ ይወርዳል። እዚያም የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ይሳቀቃል። ይህ በየወሩ ቢሆን ስንቱ ይዘልቀዋል? ሕክምናውን ማቅለል ያስፈለገው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ እንደመሆኑ ከሰው ኑሮ ጋር መስማማት አለበት።

ከእፍኝ ክኒን ወደ አንዲት ፍሬ

የተቀናጀው ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1996 በዓለም ላይ ሲስፋፋ ታካሚው በቀን እፍኝ ሙሉ ክኒን ይውጥ ነበር። አንዱ ከምግብ ጋር፣ ሌላው በባዶ ሆድ፣ አንዳንዱም በየስምንት ሰዓቱ ነበር የሚወሰደው። በአገራችን መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በክፍያ፣ በ2005 ደግሞ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ያኔ በብዛት ይሰጥ የነበረው ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን ሲሆን፣ ጠዋትና ማታ በ12 ሰዓት ልዩነት ይዋጣል። ስታቩዲን ብዙዎችን ከሞት ቢያተርፍም እግር እያቃጠለና እያደነዘዘ፣ ጉንጭም እያጎደጎደ ስላስቸገረ ቀስ በቀስ ቀረ።

ዛሬ በአብዛኛው የሚሰጠው ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300 እና ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊ ግራም በአንድ ፍሬ የተጣመሩበት ክኒን ነው። ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል።

ቀጠሮውም ቀንሷል። በኢትዮጵያ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ጤናቸው የተረጋጋ ታካሚዎች በየስድስት ወሩ እየተቀጠሩ የስድስት ወር መድኃኒት አንድ ላይ የሚወስዱበት አሠራር ተጀምሯል። ጥቅሙ ከመኪና ሒሳብ ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ጤና ተቋማት ተዘርፈው አገልግሎት መቋረጡን የአካባቢው ሰው አይረሳውም። በእንዲህ ያለ ቀን ቤቱ የወራት መድኃኒት ያለውና የሌለው እኩል አይሆኑም።

ረመዳን ሲመጣ

ክኒን መዋጥ ፆም ያፈርሳል። ከሱሁር እስከ ኢፍጣር ያለው ጊዜ 13 ሰዓት ገደማ ስለሆነ በየ12 ሰዓቱ ይውጡ የነበሩ ወገኖቻችን ይቸገሩ ነበር። በቀን አንዴ የሚወሰደው ግን ከፆም ጋር ይስማማል። ሆኖም ኢፍጣር ላይ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ፣ «ክኒኑን ማን ፊት አወጣዋለሁ?» ብሎ የሚዘል አይጠፋም። እንዲህ የምትሰጉ ከሆነ ከተራዊሕ በኋላ ወይም በሱሁር ጊዜ ብታደርጉት ይሻላል። ዋናው ነገር በየቀኑ ያንኑ ሰዓት መጠበቅ ነው። ሰዓቱን ለመቀየር ረመዳን ሳይገባ የጤና ባለሙያችሁን አማክሩ። ሕመም ለጠናበት ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን የሰጠው ሩኽሳ አለ። ከሐኪሙም ከዓሊሙም ጠይቆ መጠቀም ነው እንጂ መድኃኒት አቋርጦ መፆም አይገባም።

ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ

• የጨጓራ ማስታገሻዎች (አሉሚኒየም ወይም ማግኒዥየም ያለባቸው) ዶሉቴግራቪር በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ክኒኑ ከእነርሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይዋጥ።
• ነፍሰ ጡር እህቶች የሚሰጣቸውን የብረትና የካልሲየም ክኒን ከዚህ መድኃኒት ጋር አብረው የሚወስዱት ከምግብ ጋር ከሆነ ብቻ ነው። ያለበለዚያ ከላይ ያለውን ሰዓት ይጠብቁ።
• የቲቢ መድኃኒት (ሪፋምፒሲን) ወይም የስኳር መድኃኒት (ሜትፎርሚን) የምትወስዱ ለባለሙያው ንገሩ፤ መጠኑ ሊስተካከል ይችላል።
• ከረሳችሁ እንዳስታወሳችሁ ውሰዱ። የሚቀጥለው ሊደርስ ከ4 ሰዓት በታች ከቀረው ግን የተረሳውን ተዉት። ሁለት ደርቦ መዋጥ አያስፈልግም።

ማርና ጥቁር አዝሙድ በቤታችን የተወደዱ ናቸው፤ ሆኖም የክኒኑን ቦታ አይተኩም። ዱዓም ቢሆን ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በመድኃኒቱ ፋንታ አይደለም። ተወኩል ሰበቡን አድርሶ በአላህ መመካት ነውና።

ሲሻል ማቆም

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ሰውነት ሲጠነክር ነው። «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ቫይረሱ መልሶ ይራባበታል፤ እየዘለለ የሚወስደው ደግሞ ቫይረሱን መድኃኒት ሊያለማምደው ይችላል። በተቃራኒው በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰና በዚያው የዘለቀ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህ ለስንት ቤት እፎይታ ነው!

የጀመዓው ድርሻስ? ክኒኑን ያቀለለው ሕክምና የሰው ዓይን የሚጥለውን ሸክም አያቀልም። እሱን ማቅለል የኛ ፋንታ ነው። ጎረቤታችሁ ክኒን ሲውጥ ብታዩ አትጠይቁ፤ ያወቃችሁትንም አታውሩ። የወንድምን ገመና መሸፈን ከዲናችን ነው፤ ሐሜት ግን አንድን ሰው ከመድኃኒቱ ሊያስቀር ይችላል። ኢማሞቻችንና ኡስታዞቻችንም ከረመዳን በፊት ባለው ጁምዓ ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ ዓፊያውን ያብዛልን። አሚን።