ሦስቱ የአስከሬን ምስክሮች

ሰው ሲሞት የቤቱ ትልልቅ ሰዎች ዓይኑን ይከድናሉ፣ አገጩን በጨርቅ ያስራሉ፣ እጅ እግሩን ያቃናሉ። «ሳይደርቅ ቶሎ!» ይባባላሉ። ገናዦች በልምድ ከሚያውቁት ከዚህ መድረቅ የፎረንሲክ ሐኪም ሰዓት ያነብበታል። ሟቹ መቼ ሞተ? የሞተው እዚሁ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ ተወስዶ የተጣለ? መልሱ በቅድሚያ የሚፈለገው ከሦስት ምልክቶች ነው።

አንደኛው ቅዝቃዜ ነው። በሕይወት ሳለ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የነበረው ሙቀት ቀስ በቀስ ወርዶ ከአካባቢው ጋር ይስተካከላል። ቀጭን ሰው ከወፍራም፣ የተራቆተ ከለበሰ ቶሎ ይቀዘቅዛል። እንደ አፋር ባለ በረሃ የአየሩ ሙቀት ከሰውነት ሙቀት ሲበልጥ ግን አስከሬኑ ጭራሽ ላይቀዘቅዝ ይችላል። ሐኪሙ የቦታውንም ሙቀት የሚለካው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መድረቅ ነው። ጡንቻ ለመኮማተር ብቻ ሳይሆን ለመፍታታትም ኃይል ይፈልጋል፤ ኃይሉ ሲያልቅ እንደተያያዘ ይቀራል። ድርቀቱ ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መንጋጋ ላይ ይታወቃል፤ በ12 ሰዓት ገደማ መላ አካልን ይይዛል፤ መበስበስ ሲጀምር ይለቃል። ሙቀት ያፋጥነዋል፣ ብርድ ያዘገየዋል።

ብዙ የሚያጋልጠው ሦስተኛው ነው፤ የደም መውረድ። መዘዋወሩን ያቆመ ደም ወደ ታች ይወርድና ቆዳው ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያወጣል። በጀርባው የተኛ ሰው ጀርባው ይቀላል፤ ወለሉ የተጫናቸው ትከሻና መቀመጫ ግን ነጣ ብለው ይቀራሉ። ሐኪሙ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጎ ያነሳል። ቦታው ለአፍታ ከነጣ ቀለሙ ገና አልጸናም፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ካለፈ ቢጫኑትም አይነጣም። እንግዲህ ተንጋሎ የተገኘ ሰው ቀለሙ ደረቱና ሆዱ ላይ ጸንቶ ከሆነ፣ ከሞተ በኋላ ያገላበጠው አለ። ከሰል ተቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያደረ ሟች ደግሞ ቀለሙ ደማቅ ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደሙ ጋር ተጣብቋልና። ብርድም ተመሳሳይ መልክ ስለሚያመጣ የደም ምርመራ ያረጋግጠዋል።

አንዱ ምልክት ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፤ ሦስቱ ሲገናዘቡ ግን የሞቱን ሰዓት ያቀራርባሉ።

እጅ እግር ማቃናት የፍቅር ሥራ ነው። ሞቱ ድንገተኛና ምክንያቱ ያልታወቀ ሲሆን ግን ፖሊስና ሐኪም እስኪደርሱ አስከሬኑን አለመንካት ይበልጣል። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ በጉልበት የተቃና ክንድ መልሶ አይደርቅም፤ ሐኪሙም ያልደረቀ ክንድ ያገኛል፣ ሰዓቱም ይዛባል። ለሟቹ ከምንሰጠው ክብር አንዱ ምስክሮቹን ሳንነካ ማቆየት ነው።