የእንስሳት ጤና ረዳትነት ሥልጠና፦ ሰበካ ጉባኤያት ሊያውቁት የሚገባ

በደቡብ ወሎ አንድ በሬ ሲሞት የሚጎድለው አንድ እንስሳ ብቻ አይደለም፤ ጥማዱ ይፈርሳል፣ ማሳው ጦም ያድራል፣ የቤተሰቡም የዓመት ቀለብ ይናጋል። ከደሴ ደጋ እስከ ኮምቦልቻ ወይና ደጋ በጉ የችግር ቀን መውጫ፣ አህያው የእህልና የውኃ ተሸካሚ፣ ፈረሱ የጋሪ ጎታች ነው። አጥቢያዎች ሥራ ያጡ ወጣቶቻቸውን ምን ሙያ እንደሚያስተምሩ ሲመክሩ፣ የእንስሳት ጤና ረዳትነትንም እንዲያስቡበት ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

የሙያውን ጥቅም ታሪካችን ይመሰክራል። ደስታ በሽታ ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች በምጽዋ በኩል ገብቶ የቀንድ ከብቱን በመፍጀቱ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ተከተለ። በሽታው ከሀገራችን የጠፋው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጎረቤታችን በአፋር አጭር ሥልጠና ወስደው፣ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ይዘው የየመንደሩን ከብት የከተቡ አርብቶ አደሮች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም በሙሉ ከደስታ በሽታ ነጻ መሆኑ ታወጀ። መድኃኒቱ ብቻውን አልበቃም፤ ከሕዝቡ መካከል የሠለጠነ እጅ አስፈልጓል።

ሠልጣኙ በመጀመሪያ እንስሳን ሳያስጨንቅና ራሱን ሳያስጎዳ መያዝን ይማራል። ቀጥሎም ሙቀትን፣ ትንፋሽንና የልብ ምትን መለካት፣ ቁስል ማጠብ፣ የውስጥና የውጭ ጥገኛ ተውሳክን መከላከል፣ ለላቦራቶሪ ናሙና መውሰድ፣ መከተብና መዝገብ መያዝ ይከተላል። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቁ ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ስለዚህ የበረዶ ሣጥኑን መጠበቅ መርፌውን ከመውጋት ያላነሰ ሙያ ነው።

የእንስሳት ደኅንነትም የትምህርቱ አካል ነው። በዓለም የታወቁት አምስቱ ነጻነቶች ከረኃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት መጠበቅ፣ እንዲሁም የተፈጥሮን ጠባይ መግለጥ መቻል ናቸው። ነገሩ ከእኛ ሕይወት የራቀ አይደለም። ድልዳሉ የሳሳ አህያ ጀርባው ይቆስላል፤ ቁስሉ ሳይሽር ከተጫነ እየጠለቀ ይሄዳል። ረዳቱ ቁስሉን አጥቦ ብቻ አይመለስም፤ ድልዳሉ እንዲስተካከልና አህያው እንዲያርፍ ባለቤቱን ይመክራል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ከጭነቱ በታች የወደቀው የጠላት አህያ እንኳ እንዲረዳ መታዘዙን ካህናት አባቶች ያስታውሳሉ።

ረዳቱ የሙያውን ወሰን ማወቅ አለበት። ከባድ ቀዶ ሕክምናና አስቸጋሪ በሽታ ለእንስሳት ሐኪም ይተላለፋል። ያለ መጠን የተሰጠ መድኃኒት በሽታውን ያላምዳል፤ የታከመች ላም ወተትም የተወሰነው ቀን ሳያልፍ መጠጣት የለበትም። በተለይ በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከሌላ ቀዳዳው የማይረጋ ደም የሚፈሰው ከብት በአባ ሰንጋ ሊጠረጠር ይገባል። ምእመናን በክት ባይበሉም ቆዳውን ለመግፈፍ የሚደፍር አይጠፋም፤ በሽታው ግን በንክኪም ወደ ሰው ይተላለፋል። ሬሳው ሳይከፈት ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማስታወቅ የሰው ነፍስ ያድናል።

ለትምህርቱ ሩቅ መሄድ ግድ አይደለም። በኮምቦልቻ የግብርና ኮሌጅና የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ፣ በደሴም የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምረው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በየደረጃው ተከፍሎ በብቃት ምዘና ስለሚጠናቀቅ፣ ኮሚቴው ወጣቱን ከመላኩ በፊት የዓመቱን የመግቢያ መስፈርትና የተግባር ልምምዱን ቦታ ጠይቆ ይረዳ።

ምርጫው በዝምድና አይሁን። ከብት የሚወድ፣ በሌሊት ሲጠሩት የሚነሣ፣ ያላወቀውን “አላውቅም” የሚል ወጣት ይመረጥ፤ ሴቶች ልጆችም አይዘንጉ፤ በብዙ ቤት የወተት ላሟንና ዶሮውን የሚንከባከቡት ሴቶች ናቸውና። ሠልጥኖ ሲመለስም የሚሠራበት ሁኔታ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጋር አስቀድሞ ይመከርበት። ካህናትም የክትባት ቀን ሲቃረብ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቢያሳውቁ፣ በጓዳ ተሰውሮ የሚቀር ከብት ይቀንሳል። አንድ የሠለጠነ ልጅ ያለው አጥቢያ የብዙ ጎረቤቱን ጥማድ ከመፍረስ ይታደጋል።