አምፕሊፋየሩ በራሱ ሲያመነጭ፦ ተረትና እውነታ

በአገራችን የአማተር ሬዲዮ ነገር ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው አምስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ነው። ከነጌሌ ቦረና ወይም ከያቤሎ ሆኖ ከእሱ ጋር ለመነጋገር የሚመኝ ሰው ስለ ቫኩም ቲዩብ አምፕሊፋየር ብዙ ምክር ይሰማል። አንዳንዱ ምክር ቲዩብ ያቃጥላል፤ አንዳንዱ ሰው ይገድላል።

ተረት፦ ከነጌሌ አዲስ አበባ ለመድረስ ትልቅ ኃይል የግድ ነው።
እውነታ፦ ርቀቱ በቀጥታ መስመር ከ400 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ቀን በ7 ሜጋኸርዝ፣ ዝቅ ብሎ በአግድም የተዘረጋ ሽቦ ሞገዱን ሽቅብ ይልከዋል፤ አዮኖስፌር መልሶ ያወርደዋል። ብዙ ጊዜ 100 ዋት ይበቃል።

ተረት፦ አምፕሊፋየሩን የሚያሳብደው የቆላው ሙቀት ወይም የምድር ሽቦ ጉድለት ነው።
እውነታ፦ ሙቀት የቲዩብ ዕድሜ ያሳጥራል፤ የምድር ሽቦም ለደኅንነት ግድ ነው። ዋናው ጥፋተኛ ግን ብዙውን ጊዜ ቲዩቡ ውስጥ ነው። በፕሌትና በግሪድ መካከል ያለችው ካፓሲታንስ ከጎላው ሲግናል ቀንሳ ወደ መግቢያው ትመልሳለች፤ ፌዙ ከገጠመ አምፕሊፋየሩ ራሱ ማመንጨት ይጀምራል። መድኃኒቱ በትንሽ ካፓሲተር በኩል እኩል መጠን ያለው፣ ፌዙ ተቃራኒ የሆነ ሲግናል ሰጥቶ ማጣፋት ነው። አሜሪካዊው ሉዊስ ሄዘልታይን ዘዴውን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሬዲዮ መቀበያዎች አስፋፍቶታል።

ተረት፦ ስክሪን ግሪድ ያለው ቲዩብ ይህ ማጣፋት አያስፈልገውም።
እውነታ፦ ስክሪኑ ይከልላል እንጂ ፈጽሞ አይዘጋም። በ6146 ቲዩብ 0.24 ፒኮፋራድ ገደማ ይቀራል። ቲዩቡ አብዝቶ ስለሚያጎላ፣ በ28 ሜጋኸርዝ ይህችው ትንሽ ቅሪት ትበቃዋለች። ስለዚህ ቲዩብ በተለወጠ ቁጥር ማስተካከያው እንደገና ይታያል።

ተረት፦ አንዴ ከተስተካከለ ማንኛውም ኦሲሌሽን (በራስ ማመንጨት) ይጠፋል።
እውነታ፦ በአጫጭር የውስጥ ሽቦዎች ምክንያት ከ30 ሜጋኸርዝ በላይ የሚነሳው ኦሲሌሽን ሌላ ነው። እሱ የሚገታው ፕሌቱ ላይ በሚገባ፣ ሬዚስተርና ጥቅል ሽቦ ጎን ለጎን በተያያዙበት ማፈኛ ነው።

ማስተካከል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ይንቀል፤ ካፓሲተሮቹ ባዶ መሆናቸውንም በመለኪያ ያረጋግጥ፤ ተነቅለውም ይገድላሉና። ቀጥሎ የፕሌትና የስክሪን ቮልቴጅ እንደተቋረጠ ግሪዱ ላይ ጥቂት ሲግናል ይስጥ። መውጫው ላይ የሚታየው ቅሪት እስከ መጨረሻው እስኪወርድ ድረስ የማጣፊያውን ትንሽ ካፓሲተር በፕላስቲክ ካቻቪቴ ቀስ እያለ ያዙር። በኋላ በሙሉ ቮልቴጅ ሲሠራ፣ የፕሌት ከረንት የሚወርድበትና የመውጫው ኃይል የሚጨምርበት ነጥብ ከተገናኙ ሥራው ሰምሯል።

አየሩ የጋራ ነው። ያልተረጋጋ አምፕሊፋየር ባልተፈቀደለት ፍሪኩዌንሲ ገብቶ የሌላውን መልእክት ያበላሻል። ኃይል ከመጨመር ማረጋጋት ይቅደም።