ሁለት ፊልም በአንድ ምሽት

ሁለት ፊልም አከታትሎ ማየት የሚጥመው ሁለተኛው የመጀመሪያውን ጥያቄ አንስቶ በራሱ መንገድ ሲመልስ ነው። ቪዲዮ ቤት ላደግን ሰዎች ሁለት ፊልም በአንድ መግቢያ አዲስ ነገር አይደለም። የህንዱ ሲያልቅ ካራቴው ይቀጥላል፤ የሚያገናኛቸው ግን የከፈልነው ሳንቲም ብቻ ነበር። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ሲኒማ ቤቶች ተመልካች ለመሳብ በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ያሳዩ ነበር፤ አንደኛው ብዙ ጊዜ በርካሽ የተሠራ ማሟያ ነው። ቤታችን ስንሆን ግን መራጮቹ እኛው ነን።

ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ጥንድ የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» (1948) እና የማጂድ ማጂዲ «የሰማይ ልጆች» (1997) ነው። አንዱ የጣሊያን፣ አንዱ የኢራን ነው፤ በሁለቱም አንድ ድሃ ቤተሰብ አንድ ዕቃ ይጠፋበታል። የሮሙ አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ የሚያገኘው ብስክሌት ካለው ብቻ ነው። ሚስቱ አንሶላዎቿን አስይዛ ብስክሌቱን ከመያዣ ታስለቅቅለታለች፤ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። ቴህራን ውስጥ ደግሞ ትንሹ ዓሊ የእህቱን የዛህራን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ፣ ድንች ሊገዛ ጎራ ባለበት ይጠፋበታል። እናታቸው ታማለች፣ አባታቸው የቤት ኪራይ አለበት፤ እንዴት ይነገረዋል? እሷ የጠዋት፣ እሱ የከሰዓት ተማሪ ስለሆኑ አንዱን ሸራ ጫማ መንገድ ላይ እየተቀያየሩ ይጫማሉ። በፈረቃ የተማረ ሰው ያ ሩጫ ይገባዋል።

እናቴ ከሥር የሚጻፈውን ማንበብ ስለማትችል እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። የሮሙ አባት ተስፋ ቆርጦ የሰው ብስክሌት ሲሰርቅና ሲያዝ፣ ልጁ ብሩኖም በሰው መሃል ሲያየው ግን ማንበብ አላስፈለገኝም። «ምነው በልጁ ፊት ባይሆን!» አለች። አባቱን ሆኖ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ፊቱ ላይ ያለው ድካም የሚታመነውም ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ ቡና ይፈላል። ሁለተኛው ሲጀመር፣ ለብቻው ቢታይ ልብ የማንለው ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ እዚህም አባትና ልጅ በአንድ ብስክሌት ላይ ናቸው። የዓሊ አባት ሀብታሞች ሰፈር ሄዶ በአትክልተኝነት ጥሩ ገንዘብ ያገኛል፤ ሲመለሱ ምን ምን እንደሚገዛ ለልጁ እየነገረው ቁልቁለቱን ይያያዙታል፤ ፍሬኑ አልይዝ ይላል። ቅድም የሮሙን አባት ያየ ሰው ያን ቁልቁለት ተረጋግቶ አያይም። በኋላ ዓሊ ሩጫ ይወዳደራል፤ ስፖርት ጫማ የሚሸለመው ሦስተኛ የወጣ ስለሆነ ሦስተኛ ለመሆን ይሮጣል። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ «ቀስ በል ልጄ፣ ሁለቱን አሳልፋቸው!» አለች።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የሮሙ ኋላ ከታየ ቤተሰቡ አዝኖ ይተኛል፤ የቴህራኑ ኋላ ሲመጣ ግን ያንኑ ድህነት አሳይቶ ትንሽ ብርሃን ይተዋል። ሁለቱም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚወስዱ፣ በአሥራ ሁለት ተኩል የጀመረ ሰው ቡናውን ጨምሮ በአራት ሰዓት ግድም ይጨርሳል።

ብዙዎች የኩሮሳዋን «ሰባቱ ሳሙራይ» (1954) ከእሱ ከተቀዳው የአሜሪካ «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» (1960) ጋር ያጣምራሉ። እኔ ለአንድ ምሽት አልመክርም። የመጀመሪያው ብቻውን ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፤ ሁለተኛውም ያንኑ ታሪክ ስለሚደግም ሰው ሲያወዳድር ማሰብ ይተዋል።

ቀጥሎ ያሰብኩት የሲድኒ ሉሜትን «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» (1957) ከዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» (2014) ጋር ነው። በአንደኛው አሥራ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተው በአንድ ወጣት ሕይወት ላይ ሲከራከሩ እንሰማለን፤ ወጣቱን የምናየው ለአፍታ ነው። «ድፍረት» ደግሞ ጠላፊዋን የገደለችውን የአሥራ አራት ዓመቷን ሒሩትን ከፊታችን ያቆማል። እዚያ ፈራጆቹን አየን፣ እዚህ ፍርዱን የምትጠብቀውን። «ድፍረት» ሁለተኛ ይሁን፤ በአማርኛ ስለሆነ ለደከመ ዓይን አይከብድም። ሒሩት እነዚያ አሥራ ሁለት ሰዎች ፊት ብትቀርብ ምን ይፈርዱባት ነበር የሚለው ክርክር ብቻ እስከ እኩለ ሌሊት ያስኬዳል።